ዋጋው በፊደል ነው

ዊትቢ ወደብ አጠገብ፣ ዓሣ ከሚሸጥበት፣
«ዋጋው በፊደል ነው» ተብሎ የተጻፈበት
አንድ ጠባብ ቤት አለ። ቅንድቡ አቧራ ለብሶ
ጃቤዝ ድንጋይ ይቀርጻል። ሻሿ በዝናብ ርሶ
ሄስተር ናግስ ገባች፣ ሳንቲም በመሐረብ ቋጥራ።
«ባሕር በላው ኦቤድን። ስሙ እንኳ ይኑረው ስፍራ።»

ጃቤዝ በጣቱ ቆጠረ፣ ከንፈሩን እያላወሰ፤
መሐረቡ ከሒሳቡ በአንድ ፊደል አነሰ።

«ይቺ ኬ» አለ ጠራቢው፣ «ከስሙ ፊት የቆመች፣
ማንም አይጠራት፤ ትቅር። ዱዳ ናት፤ ምን ሠራች?»
ወዲያው ደግሞ አዘነላት፦ «ዱሮ እንኳ ድምፅ ነበራት፤
ላንቃ ላይ ትፈነዳ ነበር። ኋላ ምላስ ሰነፈባት፤
ድምጿ ሞተ፣ አካሏ ቀረ፤ ቀባሪ እንኳ አልመጣላት።»

ሄስተር መስኮቱን አየች። ዝናቡ መስተዋቱን መታው።
«ቋጠሮ በኬ ይጻፋል፤ መረብ ሲጠግን የሚያስረው።
ቢላዋም በኬ ነው፤ ከወገቡ የሚሰካው።
ጉልበትም፤ ያ ብርድ ሲመጣ የሚያመው።
ሌሊት ከባሕር ሲመለስ በሬን ማንኳኳቱም ጭምር።
አንዲቷም ኬ አትሰማም፤ ቀድማ ግን ቆማለች ከበር።
እሱም ያው ነበር።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከእሳቱ ፊት ቦቲውን ሲያደርቅ፣
ቃል አይወጣው። ቤቱ በሱ ሞልቶ እንደ ነበር፣ ሳይሞት ማን ይወቅ?
ዝም ያለ ሁሉ ይቀነስ ካልክ፣ ከኔ ቤት ምን ሊተርፍ ነው?
ይልቅ «የተወደደ» የሚለውን ከወረቀቱ ሰርዘው፤
እሱም ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም አንዴ አላልኩት።
ኬዋን ግን፣ ጣት እስኪገባ፣ አጥልቀህ ቅረጻት።»

እኔ፣ ፊደሉ ሁሉ አፍ ያለው ቋንቋ ያሳደገኝ፣
ዝም አይነቅዝም ሲባል ስለ ሰው ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ጃቤዝ ቃሉን ሰረዘና ኬዋን በእርሳስ ነደፈ።
ከመሐረቡ ሁለት ሽልንግ ተረፈ፤
ድንች ገዛችበት።

በሚያዝያ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣
አንዲት ሕፃን፣ ማንበብ ጀማሪ፣ ጣቷ በድንጋዩ ቦይ እየዋለለ፣
«ክ… ክናግስ» አለች ጮክ ብላ።
«ኬዋን ዝለያት» አለች እናቷ፣ እጇን ስባ፣ ተቻኩላ።
ሄስተር ባልዲዋን አስቀመጠች፤
ከኋላ እንደ ተጠራ ሰው ዞራ አየች።
«ተያት እባክሽ» አለች።
«የኔ ልጅ፣ እስኪ ድገሚው።»