የልሳኑ ትርጉም

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አስር ሳንቲም ጨብጠን
ከሠራተኛ ሰፈር ቁልቁል ተንደርድረን፣
አሰገደች ቡና ቤት፣ ከቢራው ሣጥን ላይ
ተደራርበን ቁጭ፣ ያንን ጉድ ልናይ።

ቴሌቪዥኑ እግር አለው፣ በር አለው፣ ቁልፍ አለው፤
ቁልፉን አሰገደች ናት በመቀነቷ የቋጠረችው።
ስትከፍተው መጀመሪያ በረዶ ይዘንባል፣
ከበረዶው መሀል እሱ ብቅ ይላል።

የቆርቆሮ ራስ፣ ዓይን የሌለው ፊት፣
በአፉ ቦታ ወንፊት፤
ከማናውቀው ኮከብ፣ ካልሰማነው ሀገር
በእንግሊዝኛ መጥቶ ምድርን ሊያስር።
ሲራመድ ይንቋቋል፣ ሲናገር ይነዝራል፤
የትንሿ እህቴ ጥርስ አብሮት ይንገጫገጫል።

ጋሽ ቢልልኝ ብቻ፣ ቆርቆሮ ሠሪው፣
ዓይኑን አጥብቦ አየው፣ ምንም አልመሰለው፦
«ይሄ የድስት ክዳን ነው። ብየዳው ተቻኩሏል።
እኔ ጋ ቢያመጡት በሁለት ብር ያምራል።»

ማን ሰምቶት።
እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ልጅ ነበረን፣ ልሳኑ ይባላል፤
ስምንተኛ ክፍል፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ፣ ከከንፈሩ ዳር ጠባሳ፤
ያ ቆርቆሮ አንድ ቃል ሲል፣ እሱ አሥር የሚያወሳ፦

«ዋ! ትንፍሽ ትሉና! ዋ! ቀና ትሉና!
የጎረሳችሁትን እቆጥራለሁና።
ጣራው የማን ሆነና? ግድግዳውም የኔ፣
እናታችሁም የኔ፣ እንቅልፋችሁም የኔ።»

ደማችን ይረጋል።
ከሌላ ኮከብ የመጣ ፍጡር
ስለምን ቁራሽ እንደሚቆጥር
ማናችንም አልጠየቅንም።
ሌሊት አልተኛም፤ ጣራችን ሲንኳኳ
መጣ እላለሁ፤ ዝናብ ነው ለካ።

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው፣
እናቴ የላከችኝ ያዋሰችውን ወንፊት ላመጣ ነው።
ከነልሳኑ ደጅ ላንኳኳ እጄን ሳነሣ
ከግድግዳው ወዲያ ያ ድምፅ ተነሣ፦
«ጣራው የማን ሆነና? ግድግዳውም የኔ፣
እናትህም የኔ…»

እንግሊዝኛ አልነበረም።
ቴሌቪዥን አልነበራቸውም።
እንጀራ አባቱ ነው፣ ባሻ ይመር፣
በየማታው በአንበሳ አውቶቡስ ከሥራ የሚገባ፤
ከሰውየው ሁሉ ብረት የነበር
ቀበቶው ሲፈታ የሚጮኸው ዘለበት ብቻ።

ወንፊቱን ሳልቀበል ተመለስኩ። ተቆጡኝ።
ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ራስ ብቅ ሲል
እሱን ማየት ትቼ ልሳኑን አየሁ።
የዚያን ቀን ታሪኩ ከፋ፦ ከተማው ይነዳል፣
ሰው እየወደቀ በሰው ላይ ይረማመዳል፣
ቆርቆሮው ክንዱን ሽቅብ ያነሣል፣
አንዲት ቃል ደጋግሞ ይጮኻል።
ልሳኑ ፀጥ አለ።
«ምን አለ? ምን አለ?»
ምራቁን ዋጠና፣
«በቃኝ አለ። አጠፋሁ አለ።
ከእንግዲህ አልነካችሁም አለ።»
«ታዲያ እጁን ምነው ሰቀለ?»
«እየማለ ነው» አለ።

ጋሽ ቢልልኝ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤
የልጁን ከንፈር አየና ተወው።

አሰገደች ቡና ቤት ዛሬ የለም፤ በቦታው መኪና ይቆማል።
ፒያሳ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በስልኬ
ያንኑ ክፍል አገኘሁት፣ ከነበረዶው።
እንግሊዝኛ አሁን እሰማለሁ።
የሚለው «ተገዙ!» ነው። «ተገዙ! ተገዙ!»
ሌላ ቃል የለውም። ቁራሽ አይቆጥር፣ እናት አያነሣ፣
ምስኪን።
ብየዳውም፣ እውነትም፣ ተቻኩሏል።

ልሳኑ የት እንደገባ የነገረኝ ሰው የለም።
ድምፁን ዘጋሁት።
ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ
«እትዬ፣ ይሂዱ እንጂ» ይላል፤
እኔ ቆሜያለሁ፣
እጁን እስኪያነሣ።