የማሽኔ ዕዳ

ቅዳሜ ገበያ፣ የመሐል ሜዳ ብርድ
ከጓሳ ተነሥቶ በመንገዱ ሲወርድ፣
አስካለች ገባች ልጇን አስከትላ፣
ኮፍያውን አወለቀች፣ ሰላምታውን ጥላ፤
"እየው" አለች፣ "እየው፣ ይኸን የሳንቲም ልክ፣
ያንተ ማሽን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያሳክክ።"

ክብ ነው፤ ጠርዙ ቀልቷል፣ አመድ ነው መሐሉ፤
"ጭርት" አልሁ በሆዴ፤ ተረኞች "ጭርት" አሉ።

ወዲያው ሁሉም ሆነ ባለ መድኃኒት፤
አንዱ "ላምባ ቅባው"፣ አንዱ "ነጭ ሽንኩርት"፣
አቶ ሽዋንግዛው "በቢክ ክበበው፣
ድንበር ካየ አያልፍም።" (እኛን ያላቆመው
ድንበር እሱን ሊያቆም!)

እኔ ግን ሰረቅ አድርጌ ማሽኔን በዐይኔ፣
ጥርሱን በብሩሽ ጠርጌ፣ እፍ እፍ ብዬ እኔ፣
"ንጹሕ ነው" እያልሁኝ ከራስ ራስ ሳዞር
ስንት ሰው ዘንድ ዘራሁ ያንን መናጢ ዘር።

ቤቱን ዘጋሁና ሆስፒታል ሄድን ሦስታችን፤
ዘርጋው ከፊት ሮጠ፣ እኛ ዝም እንዳለን።

ዶክተሯ ውብአንቺ ቧጥጣ ካየችው
"ቅባት አይደርሰውም" አለች፣ "ሥር ነው ያለው።
የሚዋጥ ክኒን ነው፤ በደም ውስጥ ተጉዞ
አዲሱ ጸጉር ነው የሚወጣው ይዞ።
ስድስት ሳምንት ነው፣ ምናልባትም ስምንት፤
ከስብ ጋር ይዋጠው፣ በቅቤ፣ በወተት።"

"ሰኞ ሁዳዴ ነው" አለች አስካለች።
ዶክተሯም ቀና አለች፣ ጥቂት አሰበች፤
"ኑግም ዘይት አለው፤ ሽሮው ላይ ይጨመር፤
ክኒኑ ስብ ይሻል እንጂ ላም አይቆጥር።"

ዋጋውን ከፈልሁት። የአራት ቀን ገቢዬ።
(ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ይኸው ይበቃል ብዬ።)

ሦስት ሳምንት ሲሆን ማሳከኩ ቀረ፤
"ዳነ" ብላ እናቱ፣ ክኒኑ ታሰረ
በመቀነቷ ጫፍ፣ ለሌላ ቀን ብላ።
ሄድሁ ቤቷ ድረስ፣ ውሻ እያባረርሁ በዱላ፦
"ዝም ያለ ነገር ሁሉ የሞተ አይምሰልሽ፤
እስከ ፋሲካ ድረስ ይዋጥ እባክሽ።"

ማሽኔንም አሁን በአልኮል አጥባለሁ
ከራስ ወደ ራስ፤ ደንበኛ አስጠብቃለሁ፤
ገሚሱ ሰልችቶት ጎረቤት ይሄዳል።
ይሂድ፤ ዕዳ እንደሆን በዝግታ ይከፈላል።

ከፋሲካ ማግስት ዘርጋው መጣ ብቻውን፣
ወንበሩ ላይ ወጣ፣ አወለቀ ኮፍያውን።
በልጉ ዘንድሮም ሳይዘንብ ቀርቶብናል፤
የሱ ራስ ላይ ግን፣ ክቡ ላይ፣ በቅሏል፤
ስስ ነው፣ እንደ ገብስ ቡቃያ ነው ያለው።
"አሳጥረው" አለኝና መስታወቱን አየው።
ማሽኑን አነሣሁ፣ መልሼ አኖርሁት፤
ጎን ጎኑን በመቀስ ብቻ ቆረጥሁለት።

"ተረኛ ማነው?" አልሁ። አልኮሉን ከፈትሁት።