ልጅ በልጅ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ሦስት ሰው ከያዘች አራተኛ የማይገባ፣
ጸጉር ቤት አለችኝ።
ቅዳሜ ነው ቀኑ፤ ገበያው ደርቶ፣
የበርበሬው ብናኝ በመስኮት ገብቶ
ያስነጥሰናል፤
እያስነጠስንም እንከራከራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው።
የቡሬ ክለብ ሰው ደብዳቤ ልኮልናል፤
«አንሙትን ስጡንና ይታያልን ውሰዱ» ይላል።
አጥቂ በበረኛ።
ሁለቱም ገና አሥራ ዘጠኝ።
ብር የለም በመሃል፤ ልጅ በልጅ ነው ልውጡ፣
ጨው ሊገዙ ድሮ ማር እንደሚያወጡ።

መምህር ውበቱ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ደብተሩን ገለጠ፤
የተማሪ ውጤት አይደለም፣ የግብ ነው።
«በአሥራ አራት ጨዋታ አሥራ አንድ አግብቷል፤
ሦስቱ በቴስታ ነው። አንዱ ኦፍሳይድ ነበር፣ ዳኛው ግን አጽድቋል።
ይህን የመሰለ ልጅ ለበረኛ መስጠት
ጣራ ሸጦ ነው መዝጊያ መግዛት!»

ባለጋራዡ እንየው ዘሎ ተነሳ ከወንበር፦
«መዝጊያ የሌለው ቤት ጣራው ምን ሊረባ፣ ጅብ ገብቶ ሲያድር?
ከዳንግላ ጋራ ሦስት አግብተን አራት ገባብን፤
ጎተራስ አለን እኮ፣ ታቹ የተነደለብን!»

«አንሙት ከሄደማ ሞትን!» አለ ታደገ ከባጃጁ ሳይወርድ።
«ይታያል ይምጣና ይታያል፤ ያን ጊዜ ይፈረድ።»

ወይዘሮ ሆድአንጀት፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣
ዝናብም ቢዘንብ ከሜዳ የማትቀር፣ ብርቱ ደጋፊዋ፣
በበሩ ብቅ አለች፦
«ያ በረኛችሁ ትከሻው አምና ወልቆ በወጌሻ ተመልሷል፤
አንዴ የወለቀ መንገዱን ያውቀዋል።»

ዝም አልን።
ይህ ውበቱ ደብተር ላይ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲባል አንሙት የት ነበር?
እጄ ስር፤ ከፎጣው በታች፣ እዚያችው ወንበር።
ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይነካ፣
አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሰማው ለካ።
እንየው ጎንበስ ብሎ ባቱን ጨበጠ፤
ሱሪውን እስከ ጉልበት ለሁላችን ገለጠ፦
«ጥሩ ነው፣ አልካድኩም! ግን ይህ እግር እስከ መቼ ይሮጣል?
አጥቂ ክብሪት ነው፣ በርቶ ያልቃል፤ በረኛ እስከ አርባ ይዘልቃል።»
አንሙት እግሩን አልሰበሰበም።
እኔም መቀሴን አላቆምኩም።

ልናዘዝ እንግዲህ፦
«ልውጡን የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባል፣
ማበጠሪያ የያዘው እጄ ከራሱ በላይ ወጥቷል።

በመስታወቱ አየኝ።
ስንጥቁ ፊቱን ለሁለት ከፍሎታል፤
አንዱ ዓይን እዚህ ቀርቶ አንዱ ቡሬ ሄዷል።
«ጋሼ፣ ቡሬ ላይ የቤት ኪራይ ስንት ነው?» አለኝ፤
አንገቱን በብሩሽ መጥረግ ብቻ ቀረኝ።
«ቅርብ ነው» አልኩት፤ «ማንኩሳን ማለፍ ነው።»
ስለ መንገድ አልነበረም የጠየቀኝ።
ሃምሳ ብር ቆጥሮ ሰጠኝ።
አልቀበልም ልል ነበር፤
ተቀበልኩ።

ረቡዕ ረጅም ልጅ ገባ፣ ከበሩ ጎንበስ ብሎ፣
ቀኝ ትከሻው ከግራው ትንሽ ዝቅ ብሎ።
«ይታያል እባላለሁ» አለ። አስቀመጥኩት።
ከወንበሩ እግር ስር፣ መጥረጊያ ከማይደርስበት፣
የአንሙት ጸጉር ነበር፤ የእሱም ወደቀበት።
ጎንበስ ብዬ በእጄ አፈስኩት፤
የማን የማን እንደሆነ አለየሁት።

«ምን አሉ ሰዎቹ? ስለ እኔ?» አለ ቀስ ብሎ።
«ይወዱሃል» አልኩት፣ ምላጬን እየቀየርኩ።
ከኋላ፣ አግዳሚው ላይ፣
መምህር ውበቱ አዲስ ገጽ ገልጦ፣ ስሙን ከላይ ጽፎ፣
ዓይኑ የልጁ ትከሻ ላይ።