የት ደረስክ?

ከታልታል በስተምሥራቅ፣ አሸዋው ከሰማይ በሚገናኝበት፣
መንገዱ እንደ ገመድ ተወጥሮ፣ ኩርባ በሌለበት፣
የውሻ ቤት የምታህል የቆርቆሮ ቤት አለች።
ሰው አይኖርባትም። ለሞተ ሰው ነች።

ግንባሯ ላይ በነጭ ቀለም «ሳቱርኒኖ ቪልካ» ይላል፤
ብርቱካናማ ሰደርያው ከነአቧራው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።
መንገድ ሲጠገን ቀይ ባንዲራ የሚያውለበልብ፣
«ቀስ በሉ» ባይ ነበረ፣ ለማያውቀው ሰው የሚያስብ።

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ዘመዱ አይደለሁም።
በሕይወት ሳለ ዓይኔን ጥዬበት አላውቅም።
ግን በየእሑዱ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣
ሁለት ጠርሙስ ውሃ እሸከማለሁ እዚህ ድረስ።
ዝናብ በማያውቅ አገር ለሙት የሚሰጠው ውሃ ነው፤
ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔ የማውቀው ሌላ ነው።

ያን ማክሰኞ፣ ሾርባው ሲፈላ፣ ልጄ ሲዘገይ፣
እጄን በሽርጤ ጠርጌ ጻፍኩለት፣ ሰዓቱን ሳይ፦
«የት ደረስክ?»
ሁለት ቃል። የትኛዋ እናት አልጻፈችም?
ቢላ አይደለ፣ ጥይት አይደለ፣ ደም የለበትም።

ፖሊሱ በኋላ ስልኩን በላስቲክ ከረጢት አሳየኝ፤
መስታወቱ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ሥር መልሱ አየኝ፦
«እየመጣሁ ነ»

«ው»ዋ ቀርታለች።
የልጄ አውራ ጣት ወደ እሷ ስትሄድ
መኪናዋ ባንዲራው ላይ ደርሳለች።

አራት ሰከንድ ነው አሉ መሐንዲሶቹ፣ በሜትር ለክተው፣
ዓይኑ ከመንገድ ወርዶ ጭኑ ላይ ያረፈው።
እኔ በውሃ እለካዋለሁ፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቄ፦
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት፣
አራት። አሸዋው ይጠጣል። እኔ በጉልበቴ ወድቄ።

ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት መጣች፣ የወረቀት አበባ ይዛ፤
የሰደርያውን አቧራ አራገፈችለት፣ እየወቀሰችው፣ በለዛ።
«ውሃ የምታጠጪው አንቺ ነሽ?» አለችኝ፤
«ማን ይሆን ስል ነበር።» እጄን ይዛ ሳመችኝ።

እጄን። ያቺኑ አውራ ጣት።
ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ነፋስ ገባበት።

ልጄ አንቶፋጋስታ እስር ቤት ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እንገናኛለን፤
ስለ ጥርሱ ሕመም፣ ስለ ዱቄት ዋጋ እናወራለን።

ስመለስ የአውቶቡሱ ሹፌር ስልክ ከመሪው አጠገብ በራ።
እጁ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተነሳሁ፣ ሳልፈራ፣
መዳፌን ብርሃኑ ላይ ጣልኩበት።
«ትጠብቅ» አልኩት።
«ማንም ትሁን። ሾርባው ይቀዝቅዝባት።»