የአስተያየት ዓምድ

ውርጩ ገና ሳይለቅ ደብረ ብርሃንን አልፌ፥
የናሙና ሣጥኔን በጉልበቴ አቅፌ፥
ከኋላ ወንበር ላይ፥ የገብስ ጆንያ ተደግፌ፥
ጣርማበር ደረስሁ።
ጉሙ ገደሉን ሞልቶ፥ አገር እዚያ ያለቀ ይመስላል፤
ሾፌሩ መስኮቱን አውርዶ «መንገዱ በዚህ ነው» ይላል።

ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው፦
«በቀጭን ውኃ ጸበል ሕዝብ በዝቷልና፥
በሽታ ሳይነሣ ይወሰድ ናሙና።»
ማኅተም አለው፥ ቁጥር አለው፥ ቀን አለው፤
እኔ ግን ያን ቁልቁለት የማውቀው ከደብዳቤው በፊት ነው።
በጅብራው መሐል ወረድሁ፥ እግሬ ድንጋዩን እየለየ፥
ድሮ የረገጠውን እያየ፥ እንዳላየ።

አባ ዘርዐ ዳዊት ከአለቱ ስንጥቅ ሥር ቆመዋል፤
ጣት የማትሞላውን ጅረት በቢጫ ጀሪካን ይቀበሏታል፤
ሣጥኔን አይተው ሳቁ፦ «ይሄን ደግሞ ምን አሞታል?»
አላወቁኝም። ደስ አለኝ።
የጠርሙሱን አፍ በእሳት፥ እጄን በአልኮል አንጽቼ፥
«ናሙና አንድ» ብዬ ጻፍሁ፥ ሰዓቴን አይቼ።

ያኔ ነው ብርቅነሽን ያመጧት።
ናዳ ቤቷን ከነልጇ በበላው ማግሥት ዝም ያለች፥
ዘጠኝ ዓመት በእጇ ብቻ ያወራች።
ባሏ በአንድ ክንዷ፥ ዋርሳዋ በሌላው፤
ውኃው አናቷን መታው።
መቁጠር ልማዴ ነውና ቆጠርሁ፦ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥
ስድስት ላይ ጠፋብኝ።
«በረደኝ» አለች።

ይኸው ነው። ምስጋና አይደለ፥ ትንቢት አይደለ፥ የጋኔን ስም አይደለ፤
የጥር ውኃ የነካው ሰው ሁሉ የሚለው ነው።
ባሏ ዱላውን ጣለ። «ምን አልሽ?»
«በረደኝ። ጋቢ የለም?»
ገደሉ እልልታውን ተቀብሎ ሲያስተጋባ፥
ጠርሙሴ ሞልቶ ይፈሳል፥ ውኃው እጅጌዬ እየገባ።

በመመለሻዬ መኪና፥ ከፊቴ ወንበር ሆና፥
የሽንኩርት ዋጋ ትጠይቃለች፥ ከዘጠኝ ዓመት ተመልሳ ገና፤
«ምን? አንዱ ኪሎ? እናንተ ሰዎች አብዳችኋል!»
መኪናው በሙሉ ይስቃል። ባሏ ያለቅሳል።

በሦስተኛው ቀን፥ ከቤተ ሙከራው መብራት ሥር፦
ፒኤች ሰባት ነጥብ ሁለት፤
ከልኩ በታች ብረት፤
የሰገራ ባክቴሪያ አለ፥ ከላይ ከግጦሹ የወረደ ምናልባት።
ውኃ ነው። ደግሜ ለካሁት። ውኃ ነው።

ዶክተር አንዱዓለም «ድንጋጤ የዘጋውን ድንጋጤ ይከፍታል» አለኝ፥
«የአእምሮ ነገር ነው፥ ስምም አለው» ሲል አስረዳኝ።
ይሆናል። ሳይሆን አይቀርም።
ግን ዘጠኝ ክረምት ዘንቦባታል፥ ዘጠኝ ጥር አንቀጥቅጧታል፤
«ያን ጠዋት ለምን?» ስለው፥ መነጽሩን ይወለውላል።

ደግሞ ስንዱ አለች።
እህቴ፥ አሥራ ስድስት ዓመቷ፥ ልቧ የደከመ።
በዚያው አለት ሥር፥ ሁለት ሱባኤ፥ ከንፈሯ እየጠቆረ፥
እሷም «በረደኝ» ብላ ነበረ።
ማንም እልል አላለም።
ያን ቁልቁለት ሽቅብ በቃሬዛ አወጣናት።
ዶክተሩ የእሷን ያውቃል፤ ስም አለው፥ ሥዕል አለው፤
ያልገባኝ የሁለቱ ውኃ አንድ መሆኑ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ያን ዕለት አባን ጠይቄአቸው ነበር፦
«ለአንዷ ሰጥቶ አንዷን መንሣት፥ እንዴት ነው አባ?»
ጀሪካኑን አስቀመጡ። ረጅም ጊዜ ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ።
«አርባ ዓመት ቀዳሁ ልጄ፤ አላውቅም።»
እኔም ሃያ ዓመት ለካሁ። አላውቅም።
የእሳቸው አላውቅም ግን እንቅልፍ አይነሣም።

ከቅጹ ግርጌ አንዲት ሣጥን አለች፥ ሁለት ጣት የማትሰፋ፥
«አስተያየት» የምትል። ብዕሬን ይዤ አመሸሁ፥ ቃል ሲጠፋ።
«ሳይፈላ ለመጠጥ አይመከርም» ብዬ ጻፍሁ፥ እንደ ደንቡ፤
ቀጥሎ፥ ፊደል አሳንሼ፥ ከጠርዙ በቅርቡ፦
«ለጸበልተኞች ጋቢ ይዘጋጅ።»

አለቃዬ በቀይ አሰመረበት፥
«ከውኃ ጥራት ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጻፈበት።