ዐሥረኛው ጥያቄ

የሊማ ጉም ወርዶ ኮረብታውን ሲውጠው፣
ቢጫ ደረጃ ብቻ ነው ከሰማይ የሚለየው።
ሦስት መቶ አርባ ሁለት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ እኔ፣
ውሾች እየጮኹብኝ ከግራ ከቀኜ።
የምከፈለው በቅጽ ነው፤ ዘጠኝ ዘጠኝ ጥያቄ፤
ቆምሁ ከደጃፏ ትንፋሼን ጠብቄ።

ዶኛ ሳቱርኒና በተማሪ ቦርሳ ላይ ዚፕ ትሰፋለች፤
የምትከፈለው በደርዘን ነው፣ ቀና ሳትል «ግቢ» አለች።
ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳዋ ኮምፔርሳቶ፤
ከወዲያ የኢርማ ሬዲዮ ያንጎራጉራል ተከፍቶ።
ሰማያዊ በርሜል በደጇ፣ ከግማሽ የጎደለ፤
ማክሰኞ እመጣለሁ ያለ ቦቴ፣ ይኸው ሐሙስም የለ።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ብዬ ጀመርሁ እንደ ደንቡ፣
«ድብርት...»
«እሱን ቃል አላውቀውም፤ የከተማ ነው ግቡ።
እኛ ልያኪ ነው የምንለው። እናቴን ሲይዛት፣
ሆዷን ባር ባር ይላታል፣ ክር መርፌ አይገባላት፤
ድስቱ ሲያር እያየች፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣
ጉልበቷን አቅፋ ዝም።
ሳጥኑ የትኛው ነው ለዚህ? አሳዪኝ፣ ልየው።»

ሳጥን አልነበረውም።
ከኅዳጉ ላይ ጻፍሁት፣ በእርሳስ፣ በትንንሹ።

«ተስፋ መቁረጥስ?» አልኋት።
መርፌዋ ቆመ።
ከግድግዳው ማዶም ሬዲዮው ዝም አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው።
«አልፎ አልፎ» አለች ጮክ ብላ፣
ለእኔም፣ ለኮምፔርሳቶውም።
ዘጠነኛውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ፤
«በፍጹም» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከዚያ ቦርሳውን አስቀመጠች።
«አሁን የእኔ ተራ ነው፤ ዐሥረኛው የእኔ ይሁን።
ካንቺ በፊት ሁለት መጥተዋል።
አንዱ ምራቄን በብልቃጥ፣
አንዷ ለቅሶዬን በቴፕ ቀርጻ ይዘውብኝ ሄደዋል።
ፊታቸውን ረስቼዋለሁ፤ ጀርባቸው ነው ትዝ የሚለኝ፣
ደረጃውን ሲወርዱ።
እኔ ስመልስ ኖሬአለሁ። አንቺስ ትመለሻለሽ፣ ንገሪኝ?»

ቢሮ ሄጄ ተናገርሁ። አዳመጡኝ፣ ሻይ አመጡ፣
አንገት ነቀነቁ፣ በጀቱን ገለጡ።
ለመጠየቅ ገንዘብ አለ። ለመመለስ ግን፣ የለም።
(ቃሉ በቋንቋዬ አንድ ነው፤ እነሱ አልገባቸውም።)
ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ደገምሁ፣ አንዲት ሒሳብ ሹም አገዘችኝ፤
ከ«ልዩ ልዩ» መደብ ላይ የአውቶቡስ ቆረጠችልኝ።

በዐሥራ አራተኛው ወር ደረጃውን ወጣሁ።
ዶኛ ሳቱርኒና መነጽር አውጥታለች፤ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል።
ወረቀቱን አነበብሁላት፦
«ከኮረብታው ሴቶች፣ ከመቶ ዐሥራ ሁለቱ...»

ሳቀች። መርፌው እስኪወድቅ ሳቀች።
«ዐሥራ ሁለት! ከዚህ ቁጭ ብዬ ሃያ እቆጥርልሻለሁ!
ግድግዳ ጆሮ አለው፤ የዚህኛው ደግሞ ምላስ አለው።
እሷ ስትጠየቅም እኔ እዚሁ ነበርሁ፣
መኪናዬን አቁሜ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ተዋሸንልሽ ልጄ፤ አንቺም ደመርሽው።
ያቺ ድስቷ የሚያርባት ደግሞ፣
እናቴ አይደለችም።»

እኔ ምን እላለሁ? እርሳሴን አየሁት።
ስንት ቤት እንዲህ ሆኖ ይሆን፣ ስንት «በፍጹም» ቆጥሬ?

«ተነሺ» አለች፣ «ባዶ ቅጽ ካለሽ ያዢ።»

ከመጨረሻው ቤት በላይ፣ ውሾቹም ከማይወጡበት፣
አለቱ ላይ ተቀመጥን፤ ጉሙ በር ሆነበት።
«አሁን ጠይቂኝ፤ ከአንድ ጀምሪ። ሳትቸኩይ።»

ገና አፌን ስከፍት፣ ከበታች ኮቴ ሰማሁ።
ኢርማ ናት። ሬዲዮዋን ጠፍቶ በብብቷ ይዛ፣
ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች፤ አልቀረበችም።
ጀርባዋን ሰጠችን፣
የውሃ ቦቴ እንደምትጠብቅ ሁሉ፦

«ወረፋ ይዣለሁ።»