ከመረቡ የሾለከው

ፔኒሽ ወደቡ ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ማለዳ፣
ለናሙና ሠላሳ ሰርዲን ከጀልባው ጓዳ
አንሥታ ለካች፣ ዲኦሊንዳ።
ጣቷን ቅርፊት ወርሶት፣ ደምራ አካፍላ፣
«አማካዩ» አለች፣ «አሥራ ሰባት ሞላ።»
አሥራ ሰባት የሆነ ግን አንድ ዓሣ የለም፤
ያጥራል ወይ ይተርፋል፤ ልኩ ማንም አይደለም።
አንዱ አፈንግጦ ወጣ፣ ሃያ ስድስት ደፍኖ፤
«ሰርዢው!» አላት አለቃው።
«ምነው? ዓሣ ሆኖ!»

አባቷ ዜፈሪኖ፣ መረብ እየጠቀመ፣
በቀዳዳው አያት፤ ሳቅ ብሎ አጉተመተመ፦
«የያዝኩትን ዓሣ ለካሽልኝ፣ ልጄ፤
በዚች ሾልኮ የሄደውስ ከእጄ?»

ዲኦሊንዳ ዝም አለች።
ከአማካዩ ግርጌ፣ ፊደሉን አቅጥና፣
ጻፈች፦ «ይህ የመረቡ ነው፤ የባሕሩ አይደለም ገና።»